የዱሮ ሰላጣዎችን ለቤተሰብ ማዕድና ለብዙ ሰው ግብዣ የማዘጋጀት ዘዴ

ሰላጣ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ትኩስ ቅጠል ነው። ቅጠል ግን ዘይትና ሎሚ ከነካው በኋላ ወዲያውኑ ካልተበላ ይጠወልጋልና፣ ተዘጋጅቶ ሰዓታት መጠበቅ ላለበት የግብዣ ምግብ አይመችም። በየቤቱ ሲሠሩ የኖሩት የዱሮ ሰላጣዎች፣ ማለትም የድንች፣ የጥቅል ጎመን፣ የቦሎቄ፣ የቀይ ሥር፣ የእንቁላልና የመኮሮኒ ሰላጣዎች፣ ከዚህ የሚለዩት አስቀድመው ሊሠሩ በመቻላቸው ነው። መንገድ ይችላሉ፤ ጥቂት ሰዓት ሲቆዩ ጣዕማቸው እየተዋሐደ ይሄዳል፤ ከጥቂት ነገርም ብዙ ሰው ያጠግባሉ። ውኃ አዘሉ፣ ላሸቁ፣ ጣዕም አጡ የሚለው የተለመደ ቅሬታ የሚመጣው ምግቦቹ ዝቅተኛ ስለሆኑ አይደለም፤ ሠሪው ሰላጣውን የመዘነው በሠራበት ሰዓት ባለው ጣዕም ስለሆነ እንጂ። መመዘን ያለበት ግን በሚበላበት ሰዓት በሚኖረው ጣዕም ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ለሠላሳ ያህል ሰው የጥቅል ጎመን ሰላጣ እንዳዘጋጅ ኃላፊነት በተሰጠኝ ጊዜ፣ ጎመኑን ማታ ከትፌ፣ ጨውን፣ ኮምጣጤንና ማዮኔዝን በአንድነት ለውሼ አሳደርኩት። ማታ ስቀምሰው እጅግ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ክዳኑን ስከፍተው ግን ከጎድጓዳው ሳህን ግርጌ ሁለት ጣት የሚሆን ነጣ ያለ ውኃ ተኝቶ፣ ጎመኑም የዛለ ሆኖ አገኘሁት፤ ማዮኔዙ በውኃው ስለቀጠነ ከጎመኑ ላይ ወርዶ ነበር። ጨው የነካው አትክልት በውስጡ ያለውን ውኃ መልቀቁ አይቀርም። እኛ የምንወስነው ውኃው የሚወጣበትን ሰዓትና ቦታ ብቻ ነው፤ ወይ አስቀድመን ማጥለያ ላይ እናስወጣዋለን፣ ወይ በእንግዳ ፊት ሳህን ውስጥ ይወጣል። «ሰላጣ» የሚለው ቃል ራሱ ጨው ከሚለው የላቲን ቃል የመጣና «ጨው የገባበት» ማለት መሆኑን ሳውቅ፣ የሙያው ዋና ቁልፍ ከስሙ ላይ ተጽፎ እንደኖረ ተሰማኝ።

ድንች

ከሁሉም ሰላጣ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው፣ በጥንቃቄ ሲሠራ ደግሞ ከሁሉም የሚወደደው የድንች ሰላጣ ነው። ሥራው የሚጀምረው ከመረጣ ነው። ሲቀቀል ፍርፍር የሚል፣ ውስጡ ደረቅና ዱቄታም የሆነ ድንች ለተፈጨ ድንች እንጂ ለሰላጣ አይስማማም፤ ለሰላጣ የሚሻለው ቆዳው ስስ፣ ሥጋው ጠንከርና ረጠብ ያለ፣ ከተቀቀለ በኋላ ቢቆረጥም ጠርዙን የማይለቅ ዓይነት ነው። ያለዎት ዱቄታሙ ዓይነት ብቻ ከሆነ ከነቆዳው በሙሉ ይቀቅሉትና ሲበርድ ይቁረጡት፤ በመቀቀያው ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ቢጨምሩም ኮምጣጣው የድንቹን ሥጋ አያይዞ ስለሚይዘው መፍረሱ ይቀንሳል። ቆዳው አረንጓዴ የሆነ ድንች ግን ይተዉት፤ ሶላኒን የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር በብዛት ሊኖርበት ይችላል፣ በመቀቀልም አይጠፋም።

ለስምንት ወይም ለአሥር ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ድንች ይበቃል። ልጠው ሁለት ሳንቲ ሜትር በሚሆን ልክ ይቁረጡት፤ ቁራጮቹ እኩል ካልሆኑ ትንንሾቹ ሲፈርሱ ትልልቆቹ ልባቸው ጥሬ ሆኖ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ይጣዱት፤ የፈላ ውኃ ውስጥ የገባ ድንች ዳሩ በስሎ ሲጨርስ መሐሉ ገና ነው። ለሁለት ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይጨምሩ፤ ድንች ጨው እስከ ውስጡ የሚያገኘው በዋናነት ሲቀቀል ነውና፣ በኋላ ከላይ የሚነሰነስ ጨው ይህን አይተካም። ውኃው መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀነስ አድርገው ዝግ ብሎ እንዲንተከተክ ይተዉት፤ በኃይል የሚፈላ ውኃ ቁራጮቹን እርስ በርስ እያጋጨ ያደቃቸዋል።

ከስምንት ደቂቃ ጀምሮ እየደጋገሙ ይፈትኑት። ፈተናው እንዲህ ነው፦ አንዱን ቁራጭ በቢላ ጫፍ ወግተው ከውኃው በላይ ያንሡት። ቢላው ላይ ተጣብቆ ከቀረ ገና ነው፤ ሲነካ ለሁለት ከተሰነጠቀ አልፎበታል፤ አንድ አፍታ ቆይቶ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ከወደቀ ግን ጊዜው አሁን ነው፤ ፈጥነው ያጠንፍፉት። ውኃው ከወረደ በኋላ ድንቹን ወደ ባዶው ትኩስ ድስት መልሰው ለአንድ ደቂቃ ያህል ክፍት አድርገው ያቆዩት፤ የቀረው እርጥበት በእንፋሎት ሲወጣ የቁራጮቹ ዳር ነጣ ብሎ ሻካራ ሲሆን ያያሉ። ማጣፈጫውን የሚይዘው ያ ሻካራ ዳር ነው።

አሁን የሚሠራው ሥራ፣ የድንች ሰላጣን ጣፋጭ ወይም ጣዕም አልባ የሚያደርገው ነው። ድንቹ ገና እንፋሎት እያወጣ ሳለ በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ይርጩበትና በቀስታ ያገላብጡት። ትኩስ ድንች ማጣፈጫውን ወደ ውስጥ ይመጥጣል፤ የበረደ ድንች ግን ማጣፈጫውን ከላይ ይሸከመዋል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባውም። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ዘሎ ድንቹን በፍሪጅ ካቀዘቀዘ በኋላ ማዮኔዝ ይለውስበትና፣ ጣዕም ሲያጣበት ማዮኔዝ በላይ በላዩ ይጨምራል፤ ውጤቱ ከውጭ ቅባታም፣ ከውስጥ ግን ምንም ያልቀመሰ ድንች ነው።

ማዮኔዙ የሚገባው ድንቹ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ነው። ማዮኔዝ በእንቁላል አስኳል አማካይነት ከኮምጣጤ ጋር የተያያዘ ዘይት ስለሆነ፣ ሙቀት ሲያገኘው ትስስሩ ይፈታና ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል። ለአንድ ኪሎ ተኩል ድንች 300 ሚሊ ሊትር ያህል ማዮኔዝ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ፣ አራት የተቀቀሉና የተከተፉ እንቁላሎች፣ አንድ መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ፣ እንዲሁም ቀርጠፍ የሚል ነገር፣ ለምሳሌ ሴለሪ ወይም በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር፣ ይዘጋጃል። ሽንኩርቱን ከመጨመርዎ በፊት አሥር ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፈው ያጠንፍፉት፤ ሲቆረጥ ከላዩ የሚወጣው የሚያቃጥል ነገር ታጥቦ ሲሄድ ጣፋጩ ይቀራል፣ ሰላጣው ቢያድርም ሽንኩርቱ ሌላውን ጣዕም አይውጠውም። እኔ ሁልጊዜ ሦስት አራት ቁራጭ ድንች ሆን ብዬ በሹካ አድቅቄ ከማዮኔዙ ጋር እለውሳለሁ፤ ማጣፈጫው ወፈር ብሎ ከቁራጮቹ ጋር ይያያዛል።

ማዮኔዝ ለማይወድ ሰው ሌላ መንገድ አለ። ትኩሱን ድንች ለብ ባለ የአትክልት ወይም የሥጋ መረቅ፣ በኮምጣጤ፣ በሰናፍጭና በዘይት ማሸት ነው። መጀመሪያ ሲታይ የበዛ ፈሳሽ ይመስላል፤ ሩብ ሰዓት ከቆየ በኋላ ግን ድንቹ ሁሉንም ይመጠውና ወዝ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ሰላጣ ይሆናል። ይህኛው የሚጥመው ለብ እንዳለ ስለሆነ ከመቅረቡ ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሠራ ይመረጣል።

ድንች ሌሎች አትክልቶችን ሰብስቦ መያዝም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሉሲየን ኦሊቪዬ የተባለ ወጥ ቤት ሞስኮ በሚገኘው «ኤርሚታዥ» ምግብ ቤት ያቀርበው የነበረው ሰላጣ ውድ ሥጋዎች የገቡበት ነበር፤ ወደ ተራው ሰው ቤት ሲወርድ ግን ድንች፣ ካሮት፣ አተር፣ እንቁላልና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር በማዮኔዝ ሆነና በብዙ አገር የበዓል ሰላጣ ሆኖ ቀረ። ከእሱ የሚወሰደው ትምህርት የአቆራረጡ ነው፦ ሁሉም ነገር በአተሩ ልክ ሲቆረጥ አንድ ማንኪያ ውስጥ ሁሉም ይገኛል።

ጥቅል ጎመን

ለአንድ ኪሎ ጥቅል ጎመን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይመዝኑ። ጎመኑን ለአራት ከፍለው ጠንካራውን እምብርት ያውጡና፣ ስለት ባለው ቢላ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር በሚሆን ስፋት ይክተፉት። መፈቅፈቂያ ለካሮት ይሆናል እንጂ ለጎመን አልመክረውም፤ ቅጠሉን ስለሚቀጠቅጠው ውኃውን ያበዛል፣ ቀርጠፍ ማለቱንም ያሳጣዋል። ጨውን ነስንሰው በእጅዎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያሹትና በማጥለያ ላይ፣ ከሥሩ ሳህን አድርገው፣ ለአንድ ሰዓት ያቆዩት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ጎመኑ መጠኑ ቀንሶ፣ ቀለሙ ገለጥ ብሎ፣ በጣት ሲያዝ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ሆኖ ያገኙታል፤ ከሥር ባለው ሳህንም ውኃ ተጠራቅሟል። በጭብጥ እያነሡ ይጭመቁት፤ መጀመሪያ በጣቶችዎ መሐል ጅረት ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጠብታው ሲቆም ያብቁ። አንድ ቁንጥር ይቅመሱ፤ ጨው ከበዛበት በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርገው እንደገና ይጭመቁት። ስሱና የሚተጣጠፍ ቢሆንም ሲያኝኩት ቀርጠፍ ማለቱ አለመጥፋቱን ያስተውላሉ፤ ውኃውን የሰጠ ጎመን ማጣፈጫውን ለመቀበልም ቦታ አለው። ሁለት የተፈቀፈቀ ካሮት ይጨምሩበትና ለማጣፈጫው ዝግጁ ነው። ከዚህ በኋላ ቢያድርም አያሳፍርዎትም።

ለጥቅል ጎመን ከታሸገ ማዮኔዝ ይልቅ የምወደው፣ ዛሬ ብዙ ሰው የረሳውን በእሳት ላይ የሚበስል የእንቁላል ማጣፈጫ ነው። ሙቀት በሚቋቋም ሳህን ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄትና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይቀላቅሉ፤ ደረቁን መጀመሪያ መቀላቀል ዱቄቱ እንዳይጓጉል ይረዳል። ሁለት እንቁላል ጨምረው በደንብ ይምቱ፤ ከዚያ 120 ሚሊ ሊትር ኮምጣጤና ያንኑ ያህል ውኃ ቀስ በቀስ ያስገቡ። ሳህኑን ቀስ እያለ በሚንተከተክ ውኃ ድስት አፍ ላይ፣ የሳህኑ ግርጌ ውኃውን ሳይነካ፣ ያስቀምጡና ሳያቋርጡ ያማስሉት። ለብዙ ደቂቃ ምንም የማይለወጥ ይመስላል፤ እሳቱን ለማብዛት አይፈተኑ፣ እንቁላሉ ይቋጠራል። ስምንት ወይም አሥር ደቂቃ ገደማ ሲሆን በድንገት ማንኪያው ይከብድዎታል። ማንኪያውን አውጥተው በጀርባው ላይ በጣትዎ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ሳይሞላ ከቀረ በስሏል። ከእሳቱ አውርደው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ያቅልጡበትና ያቀዝቅዙት። ይህ መጠን ለአንድ ኪሎ ጎመን ይበቃል፤ ለስለስ እንዲል ከፈለጉ ጥቂት የወተት ክሬም መጨመር ይቻላል። እንቁላሉ በሚገባ ስለሚበስል፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን ባሉበት ማዕድ፣ በጥሬ አስኳል ከሚሠራ የቤት ማዮኔዝ ይልቅ ያለ ሥጋት የሚቀርብ ነው። በቤት የተሠራ ማዮኔዝ ጣዕሙ ግሩም ቢሆንም ለብዙ ሰው ግብዣ አላወጣውም።

እንቁላል ጨርሶ የሌለበትን ለሚሻ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳርና ግማሽ ብርጭቆ ዘይት በአንድነት አፍልቶ፣ እንደ ፈላ በተከተፈው ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት ላይ ማፍሰስና ማቀዝቀዝ ነው። ይህ ሰላጣ ከተሠራበት ቀን ይልቅ በማግስቱ ይበልጣል፤ በፍሪጅም ለቀናት ይቆያል።

ቦሎቄ

ደረቅ ቦሎቄ ሲቀቀል ክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናልና፣ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ለአሥር ሰው ሰላጣ ከበቂ በላይ ነው። ሌሊቱን በብዙ ውኃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍተው በአዲስ ውኃ ይጣዱት።

በቀይ ቦሎቄ ላይ አንድ የማይታለፍ ጥንቃቄ አለ። ጥሬው ቀይ ቦሎቄ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር በብዛት የያዘ ሲሆን፣ በደንብ ያልበሰሉ ጥቂት ፍሬዎች እንኳ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣሉ። መርዙ የሚጠፋው ውኃው በኃይል እየፈላ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ሲቆይ ነው፤ እኔ ለእርግጠኝነት ግማሽ ሰዓት አፈላዋለሁ። ከዚያ በኋላ በዝግታ እስኪለሰልስ ቢንተከተክ ችግር የለውም። ሳይፈላ በዝቅተኛ ሙቀት ለረጅም ሰዓት ብቻ በሚያበስል ዕቃ ቀይ ቦሎቄን ከጥሬው መሥራት ግን አደገኛ ነው።

ኮምጣጤ፣ ሎሚም ሆነ ቲማቲም ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ መግባት የለበትም፤ ኮምጣጣ ነገር የቦሎቄን ቆዳ ስለሚያጠነክር፣ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት ቢቀቀልም በቀላሉ አይለሰልስም። ከበሰለ በኋላ በራሱ መረቅ ውስጥ ጥቂት ቢበርድ ቆዳው አይሰነጣጠቅም። ለብ እንዳለ አጠንፍፈው ማጣፈጫውን ያፍስሱበት። የዘይትና የኮምጣጤ ማጣፈጫ በተለመደው መለኪያ ሦስት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ኮምጣጤ ነው፤ ቦሎቄ ግን ዱቄታም ስለሆነ የኮምጣጤውን ስሜት ያደበዝዘዋልና ሁለት እጅ ለአንድ እጅ ይሻለዋል። ጨውን አስቀድመው በኮምጣጤው ውስጥ ያሟሙ፤ ጨው በዘይት ውስጥ አይሟሟም፣ ዘይቱ ከቀደመ ከሥር ተቀምጦ ይቀራል። ነጭ ቦሎቄ፣ ቀይ ቦሎቄና ፎሶሊያ አንድ ላይ፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከቁንጥር ስኳር ጋር ሲሆኑ ለዓይንም ያምራሉ። ፎሶሊያውን ግን ጨው ባለው ፈልቶ በሚንተከተክ ውኃ ሦስት አራት ደቂቃ አብስለው በቀዝቃዛ ውኃ ካቀዘቀዙ በኋላ ለብቻው ያቆዩት፤ ኮምጣጤ አረንጓዴ ቀለሙን ወደ ወይራማ ስለሚለውጠው ሊቀርብ ሲል ይጨመር።

የቀሩት

ቀይ ሥር ሲቀቀል ከነቆዳው፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ግንዱ ሳይቆረጥ ይሁን፤ ከተላጠ ወይም ከተቆረጠ ቀለሙም ጣፋጭነቱም ወደ ውኃው ይሄዳል። እንደ መጠኑ ከአርባ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ሲበስል ቆዳው በእጅ ሲታሽ ይወልቃል። ከድንችና ከካሮት ጋር የሚቀላቀል ከሆነ፣ የተቆረጠውን ቀይ ሥር መጀመሪያ ለብቻው በዘይት ይሹት፤ ዘይቱ ስለሚሸፍነው ሌላውን ቶሎ አያቀላውም። መቀላቀሉም የመጨረሻ ሥራ ይሁን።

እንቁላል ከፈላ ውኃ ውስጥ ከገባ ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውኃ ይግባ። በአስኳሉ ዙሪያ የሚታየው አረንጓዴ ቀለበት ከመጠን በላይ የመቀቀል ምልክት ሲሆን፣ ከነጩ የሚወጣው ሰልፈር በአስኳሉ ካለው ብረት ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው፤ አይጎዳም፣ የሰላጣውን መልክ ግን ያበላሻል። ዛሬ ከተጣለ እንቁላል ይልቅ ሳምንት ያለፈው በቀላሉ ይላጣል።

መኮሮኒ ለሰላጣ ሲሆን ትኩሱን ለመብላት ከሚቀቀለው ትንሽ ለስለስ ይበል፤ ሲበርድ ይጠነክራልና። በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በሚገባ ይጠንፈፍ። ማጣፈጫ ሲጠጣ ስለሚያድር፣ ካዘጋጁት ሲሶውን አስቀርተው ሊቀርብ ሲል ይለውሱበት።

ኪያር ተቆርጦ በጨው ግማሽ ሰዓት ይጠንፈፍ፤ ምክንያቱ ከጥቅል ጎመኑ ጋር አንድ ነው። ቲማቲም ከሁሉም በኋላ ይቆረጣል፣ ፍሪጅም አይወድም። ፖም ሲቆረጥ በሎሚ ጭማቂ ካልታሸ ይጠቁራል።

ብዙ ሰው ሲሆን

ከሌላ ምግብ ጋር ለሚቀርብ ሰላጣ፣ ሁሉም ዓይነት ተደምሮ ለአንድ ሰው ከ200 እስከ 250 ግራም ማሰብ በቂ ነው። ለሃምሳ ሰው ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ኪሎ ይሆናል፤ ሦስት ዓይነት ከሆነ ከእያንዳንዱ አራት ኪሎ ያህል ማለት ነው። መጠኑን ስናበዛ አትክልቱን በቀጥታ ማባዛት ይቻላል፤ ጨውን፣ ኮምጣጤውንና ጥሬ ሽንኩርቱን ግን በሦስት አራተኛው ጀምሮ እየቀመሱ መጨመር ይሻላል። አሥር ኪሎ ድንች በአንድ ትልቅ ዕቃ ለማማሰል አይሞክሩ፤ ከላይ ያለው ሳይለወስ ከሥር ያለው ይደቃል። ሦስት ሦስት ኪሎ እያደረጉ በሰፊ ሳህን፣ በእጅ ወይም በሰፊ ጠፍጣፋ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ እየገለበጡ ይሥሩ። ኮምጣጤና ሎሚ የገባበትን ሰላጣ በአሉሚኒየም ወይም በመዳብ ዕቃ ማሳደር ጣዕሙን ብረት ብረት ያሰኘዋል፤ መስተዋት፣ የማይዝግ ብረት ወይም ሽፋኑ ያልተላጠ የሸክላ ዕቃ ይመረጣል።

ሥራው በሁለት ቀን ሲከፈል አያስጨንቅም። በዋዜማው ቦሎቄውን ቀቅሎ ማጣፈጥ፣ ቀይ ሥሩንና እንቁላሉን መቀቀል፣ የእንቁላሉን ማጣፈጫ ማብሰል፣ ጎመኑን ጨው አስነክቶ መጭመቅ ይቻላል። ድንቹም በዋዜማው ተቀቅሎ በኮምጣጤ ታሽቶ ቢያድር መልካም ነው፤ ማዮኔዙ ግን ለበዓሉ ጠዋት ይቆይ። ቅጠላ ቅጠል፣ ቲማቲምና ከላይ የሚነሰነስ ነገር ሁሉ ለመጨረሻው ሰዓት ነው።

የተቀቀለውን ሁሉ ወደ ፍሪጅ የሚያስገቡት በጥልቅ ድስት ሳይሆን በሰፊና ዝቅ ባለ ዕቃ፣ ቁመቱ ከአምስት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ ይሁን። በጥልቅ ዕቃ የገባ ምግብ ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ተህዋስያን የሚራቡትም እዚያ ነው። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ያረጋግጡ። ሰላጣ ሲበላሽ ማዮኔዝን መውቀስ ልማድ ሆኗል፤ የታሸገ ማዮኔዝ ግን በውስጡ ባለው ኮምጣጣ ምክንያት ለተህዋስያን አይመችም። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው በሙቀት በቆየው ድንች፣ እንቁላል፣ ዶሮ ወይም መኮሮኒ፣ ባልታጠበ እጅና ጥሬ ሥጋ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ነው። ለሰላጣ የሚሆን መክተፊያና ቢላ ለብቻው ይሁን።

ከፍሪጅ የወጣ ሰላጣ ማዕድ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ሳህን ሞልቶ ከማውጣት ይልቅ በሁለት ሦስት መካከለኛ ሳህን ከፋፍሎ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከፍሪጅ ማውጣት ነው የሚሻለው። በቆየው ላይ አዲሱን መጨመር ግን አዲሱንም ማበላሸት ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቦታ የሚቀርብ ከሆነ ሳህኑን በረዶ በሞላ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። እንቁላል፣ ሰናፍጭ ወይም ለውዝ የገባበትን ደግሞ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ከሳህኑ አጠገብ ማኖር፣ እነዚህ ለማይስማሟቸው እንግዶች የሚደረግ ቀላል ነገር ግን ትልቅ እንክብካቤ ነው።

ሰላጣው ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጥተው እንደገና ይቅመሱት። ቅዝቃዜ ጣዕምን ስለሚያደበዝዝ፣ ማታ በቂ የነበረው ጨውና ኮምጣጤ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል፤ ድንቹና መኮሮኒውም ሌሊቱን ሲጠጡ አድረዋል። ይህን ለማቃናት ብዬ ሁልጊዜ ጥቂት ኮምጣጤ፣ ጨውና ያስቀረሁትን ማጣፈጫ በእጄ አቅራቢያ አኖራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ጨው የሚመስለን ሲሆን፣ ግማሽ ማንኪያ ኮምጣጤ ሲጨመር ይስተካከላል። የተከተፈውን ቅጠልና የእንቁላል ክፋዮች ከላይ አስቀምጠው ያቅርቡት። ግብዣው ሲያበቃ ማዕድ ላይ የቆየውን ያስወግዱ፤ ከፍሪጅ ሳይወጣ የቀረው የድንችና የእንቁላል ሰላጣ ግን ክዳን ተደርጎለት ሦስት ቀን ይበላል።